በማገዶ የሚሞቅ ገንዳ ለመግዛት ለምታስቡ፦ ከእንጨቱ በፊት ውሃውን አስቡ

የምንኖረው ስዊድን ውስጥ ከኡፕሳላ ወጣ ባለ ገጠር ቀመስ ሰፈር ነው። ጓሯችን ውስጥ በማገዶ የሚሞቅ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው የሚዘፈዘፉበት ገንዳ አለን፤ ስዊድኖች ባድቱና ይሉታል። ከስቶክሆልም ለእሑድ ቡና የሚመጡ ወዳጆቻችን በረዶው መካከል እንፋሎቱ ሲነሳ ባዩ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «እንጨቱ አያስቸግርም?» ይላሉ። ከዚያ ደግሞ «እኛስ ብንገዛ?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ በየተራ ከምመልስ የማውቀውን በአንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

እንጨቱ ቀላሉ ነገር ነው። ይህን ዕቃ የሚያስወድደውም የሚያስመርረውም ውሃው ነው። ውሃው ከየት ይመጣል? ንጽሕናውን እንዴት ይጠብቃል? ታጥበን ስናበቃ የት ይፈሳል? ውጭው ከዜሮ በታች ሲወርድስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ገንዳውን ይወደዋል። መልስ የሌለው ሰው ገንዳ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ክዳኑ ላይ ቅጠል ተከምሮበት ይቀራል፤ በእኛ ሰፈር እንዲህ የቀሩ አሉ።

ለማያውቀው ሰው ዕቃው ይህን ይመስላል። ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር ገደማ፣ ተቀምጠው ሲገቡ ውሃው ትከሻ ላይ ይደርሳል። ከ1500 እስከ 2000 ሊትር ይይዛል። ምድጃው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገንዳው ውስጥ፣ ውሃው መካከል የሚቆም የብረት ሳጥን ሲሆን እንጨት የሚጨመርበት አፉ ብቻ ከውሃው በላይ ይወጣል። እሳቱ ዙሪያውን በውሃ ስለተከበበ ሙቀቱ ብዙም አይባክንም። ሁለተኛው ከገንዳው ውጭ ይቆምና በሁለት ቱቦ ይገናኛል። የሞቀው ውሃ ስለሚቀል በላይኛው ቱቦ ወደ ገንዳው ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታችኛው እየገባ ይተካዋል፤ ያለ ምንም ፓምፕ ውሃው በራሱ ጊዜ ይዞራል። እኛ የውጭውን የመረጥነው ትንንሽ ልጆች ስላሉን ነው። የውስጡ ምድጃ በእንጨት ርብራብ ቢከለልም ከልጅ እጅ ብዙም አይርቅም፣ የሁለት ሰው መቀመጫም ይወስዳል። በምላሹ የውጭው ምድጃ ውርጭን አይችልም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ሙቀቱ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 1500 ሊትር ውሃ ከቧንቧ በ8 ዲግሪ ቢመጣና 38 ላይ ማድረስ ብንፈልግ 52 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በደንብ የደረቀ የበርች ዛፍ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ምንም ሙቀት ባይባክን 13 ኪሎ እንጨት ይበቃ ነበር፤ ግን በጭስ ማውጫው የሚወጣ አለ፣ ከውሃው ፊት የሚበንን አለ፣ በገንዳው ግድግዳ የሚሾልክ አለ። ስለዚህ በብርዱ ወራት የዚህን እጥፍ አስቡ። እዚህ አገር ማገዶ 40 ሊትር በሚይዝ ከረጢት ይሸጣል፤ እኛ ቤት ለአንድ ምሽት ሁለት ከረጢት ያህል ይሄዳል። የራሱ ዛፍ ላለው ሰው ምንም አይደለም። ከነዳጅ ማደያ ከረጢት እየገዛ ለሚያነድ ግን በየሳምንቱ ኪስ ይጎዳል።

ኤሌክትሪክ አይሻልም ወይ ለሚሉኝም መልሱ ያው ስሌት ውስጥ አለ። 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ያለው የኤሌክትሪክ ገንዳ ያንኑ ውሃ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ለማሞቅ 17 ሰዓት ይፈጅበታል። ለዚህ ነው የኤሌክትሪኩ ባለቤቶች ሳምንቱን ሙሉ ሙቅ አድርገው የሚያቆዩት፤ ማንም ሳይገባበትም ቆጣሪው ይዞራል። የማገዶው ምድጃ ጉልበቱ 25 ኪሎዋት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። ከባዶ ተነስቶ በሁለት ተኩል ወይም በሦስት ሰዓት ያደርሳል፤ ሲበርድ አራት ሰዓት። ካልተጠቀማችሁበት ደግሞ ምንም አይበላም። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚገባ ሰው ማገዶው ያዋጣል። በየማታው ከሥራ መጥቶ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ኤሌክትሪኩን ግዛ እላለሁ፤ በሥራ ቀን ማታ እሳት አንድዶ ሦስት ሰዓት የሚጠብቅ የለም።

አነዳዱ ራሱ ሥርዓት አለው። ከሁሉ በፊት ውሃ፣ ከዚያ እሳት። የውጭ ምድጃ ከሆነ ውሃው የላይኛውን ቱቦ አፍ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፍን ክብሪት አይጫርም። የውስጥ ምድጃ ከሆነ አምራቹ ካመለከተው መስመር በላይ መድረስ አለበት። አንዳንዶቹ ምድጃዎች የአሉሚኒየም ናቸው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከመቅለጥ የሚያድነውም ዙሪያውን ያለው ውሃ ብቻ ነው። እሳቱ እየነደደ ውሃ ማፍሰስም እንደዚያው ነው፤ ፍሙ እስኪጠፋ አይነካም።

እሳቱ ሲይዝ ክዳኑን እንከድናለን። ውሃው የሚሞቀው ከላይ ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ በመቅዘፊያ ከታች ወደ ላይ ይማሰላል። ይህን የማያደርግ ሰው ቴርሞሜትሩ 39 ያሳየውና ሲገባ እግሩ በረዶ ውስጥ የገባ ያህል ይደነግጣል። ሌላው የጀማሪ ፈተና ማቆሚያው ነው። ምድጃው ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ የገባው እንጨት ነድዶ እስኪያልቅ ያሞቃል። እኛ 35 ዲግሪ ላይ መጨመር እናቆማለን፤ የቀረው ፍም 37 ወይም 38 ያደርሰዋል። 42 ላይ የደረሰ ገንዳ ለማቀዝቀዝ ክዳን ከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመሩ እንግዳን በነጠላ ጫማ ማስጠበቅ ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ። የማዘጋጃ ቤት ቧንቧ ያለው ሰው ጎማውን ዘርግቶ ይሞላል፤ ያለቀለት ነው። እንደ እኛ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ 1500 ሊትር በአንድ ጊዜ መሳብ ለደካማ ጉድጓድ ከባድ ነው፤ ደለሉ ይነሳል፣ ፓምፑም ይደክማል። እኛ እየከፋፈልን እንሞላለን። ሁለተኛ፣ የስዊድን የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ብረት አለበት። ሲሞላ ኩልል ያለው ውሃ ለንጽሕና የሚጨመረው ክሎሪን ሲነካው ብረቱ ተለይቶ ይወጣና ደፍርሶ የሻይ ቀለም ይይዛል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ ጉዳትም የለውም፤ ግን እንግዳ አይገባበትም፣ ነጭ ፎጣም አይተርፍም። ውሃችሁን ቀድማችሁ አስመርምሩ። በበጋ ደግሞ ድርቅ ሲሆን አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች አትክልት ማጠጣትና ገንዳ መሙላት ይከለክላሉ። በሐምሌ ለልጆች ደስታ ብሎ የገዛ ሰው በዚያው በሐምሌ ሳይሞላው ሊቀር ይችላል።

ማፍሰሻው የባሰ ነው፤ ሰው የማያስበውም እሱን ነው። 1500 ሊትር ውሃ ከታች ያለውን ቀዳዳ ከፍተህ ስትለቀው የሆነ ቦታ ይሄዳል። መሬቱ ወደ ቤቱ ካዘነበለ ወደ ቤቱ መሠረት ይሄዳል። ወደ መንገዱ ካዘነበለ በጥር ወር መንገዱ በማግስቱ መስተዋት ይሆናል፤ ጠጠር ካልተበተነበት እግር ይሰብራል። እኛ ገንዳው ከመቀመጡ በፊት ቦይ አስቆፍረን፣ ጠጠር ሞልተን፣ ዳገቱን ወርዶ ዛፎቹ ሥር እንዲሰርግ አድርገናል። ከጠቅላላው ሥራ ከሁሉ የተደሰትኩበት ይህ ቦይ ነው። ክሎሪን ያለበት ውሃ ከሆነ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ቀን አቆይቶ ክሎሪኑ ሲለቅ ነው የሚፈሰው፤ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ ደግሞ በፍጹም።

ክብደቱንም አትርሱ። ውሃው ብቻ አንድ ቶን ተኩል ነው፤ ገንዳውና ስድስት ሰው ሲጨመር ሁለት ቶን ይሻገራል። ለወንበርና ለጠረጴዛ በተሠራ የእንጨት በረንዳ ላይ አይቀመጥም። የተጠቀጠቀ ጠጠርና የሲሚንቶ ንጣፍ ይበቃዋል፤ በረንዳውን ከፈለጋችሁ ዙሪያውን ሥሩለት።

ስለ ውርጭ። ውሃ ረግቶ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ብረትም አይመልሰውም። የውጭ ምድጃ በሁለት ብረት መካከል ውሃ የሚይዝ ነው፤ ያ ውሃ ከረጋ ብየዳው ይፈነዳል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ሕጉ ሁለት ነው፦ ወይ ሙቅ ነው ወይ ባዶ ነው። ሌሊት ከታጠባችሁ በኋላ፣ የምትተኙበት ሰዓት ቢሆንም፣ ፍሙ መጥፋቱን አይታችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ ከምድጃው ሥር ያለውን ትንሽ ማፍሰሻም ጭምር። እጅ በብርድ ደንዝዞ ያንን ትንሽ ክዳን መፍታት የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉዳት ነው ብል አላጋነንኩም። ከእኛ ቤት ይህ ሥራ የእኔ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ልጆቹን ታደርቃለች። ውስጣዊ ምድጃ ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ግማሹን ይተርፋል፤ ልጅ የሌለው ሰው እሱን ቢገዛ የምለው ለዚህ ነው።

ንጽሕናው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ብዙዎቹ የማገዶ ገንዳዎች ማጣሪያ የላቸውም። ውሃው ከታጠባችሁ በኋላ ክዳኑ ከተከደነ በማግስቱ 28 ወይም 30 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቃችኋል። «ትንሽ እንጨት ብጨምርበት እኮ ይሞቃል» የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም ያኔ ነው። ነገር ግን ይህ ለብታ ባክቴሪያም የሚወደው ነው። ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ሱዶሞናስ የሚባለው ደግሞ የዋና ልብስ በሸፈነው ቦታ ላይ ጎልቶ የሚወጣ ቀይ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ያመጣል። ስለዚህ ወይ ውሃው በየጊዜው ይቀየራል፣ ወይ ማጣሪያና ክሎሪን ይኖረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ በሽታ ነው።

ክሎሪኑም ዋጋ ያስከፍላል። የምድጃውን ብረት ይበላል፤ አሉሚኒየሙን ቀድሞ፣ የማይዝገውንም ብረት ቢሆን በጊዜ ብዛት። አንዳንድ አምራቾች ክሎሪን ከተጨመረ ዋስትናው ይቀራል ብለው ይጽፋሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ወረቀት አንብቡ። የሚጠቀም ሰው መጠኑን በመለኪያ ወረቀት ያይ፣ የውሃውም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.2 እስከ 7.8 መካከል ይሁን። እኛ ቀላሉን መርጠናል፤ ሞልተን፣ በዚያው ምሽት ታጥበን፣ እናፈሳለን። ከዚያ በለስላሳ ሳሙናና በብሩሽ ይታሸና ይደርቃል።

ከመግባት በፊት ገላ መታጠብ የግድ ነው፤ በሳሙና፣ ከፀጉር እስከ እግር። ስዊድኖች ይህን ከሳውና ልማዳቸው ያውቁታል። ለእኛ ሰው ሳልሸማቀቅ እነግራለሁ፤ ፀጉር የተቀባ ቅባት፣ የሰውነት ሎሽን፣ በዓል ሰሞን ደግሞ ቅቤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከገንዳው ዳር ዙሪያውን ቢጫ መስመር ይሠራል፣ ግድግዳውንም ያሟልጫል። የተቀባ ፀጉር በሻሽ ይታሰር። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም።

የገንዳውን ዓይነት በሚመለከት፣ ሙሉ በሙሉ ከጣውላ የተሠራው ለዓይን ያምራል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ግን ጣውላው ሲደርቅ ይኮማተርና ያፈስሳል። ውሃ ሲጠጣ አብጦ ራሱን ይገጥማል፤ ለዚህ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በእኛ ልማድ፣ ሞልቶ ወዲያው ማፍሰስ ላይ፣ ይህ አይመችም። በጣውላው ቀዳዳ ውስጥ የሚሸሸግን ቆሻሻም ብሩሽ አያገኘውም። ውጩ ጣውላ፣ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነውን ግዙ። አሮጌ የሚገዛ ሰው ደግሞ ባዶውን አይቶ እንዳይከፍል፤ ውሃ አስሞልቶ፣ አስነድዶ፣ የምድጃው ብየዳ ያፈስ እንደሆነ ይየው።

ጭሱ የጎረቤት ጉዳይ ነው። ሲቀጣጠል ባለው የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይጨሳል፤ ከዚያ እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ብዙም አይታይም። ደረቅ ማለት ተፈልጦ፣ አየር በሚያገኝበት መጠለያ ሥር ቢያንስ አንድ በጋ የቆየ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ነው። ጎረቤት ቅርብ በሆነበት ቦታ የነፋሱን አቅጣጫ አጥኑ፣ ማዘጋጃ ቤታችሁንም ጠይቁ፤ የእሳት ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በጋ ስዊድን በሰደድ እሳት በታመሰች ጊዜ በአብዛኛው አገር እሳት ማንደድ ተከልክሎ ነበር። ገንዳውን በአራት በኩል በተዘጋ ጣሪያ ሥር የሚያስቀምጡም አይቻለሁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውምና እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ለጤና፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ማንም አይግባ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ፤ ሙቀቱ ደም ስሮችን ያሰፋል፣ ሲነሱ ግፊቱ ወርዶ ራስን ያዞራል። ወይንና ቢራ ገንዳ ውስጥ የሚያምር ይመስላል፤ እኛ ቤት ግን አይገባም። ለልጆች ውሃው ዝቅ ይላል፣ ቆይታውም ያጥራል፣ አዋቂም ከአጠገባቸው አይለይም። ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው፣ የገንዳው መወጣጫም ሲጨርሱ ይነሳ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ዘርዝሬ ለምን እንደማልሸጠው ደግሞ ልንገራችሁ። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ የስድስት ሰዓት ያህል ቆይታ ታደርጋለች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ቤተሰቡም እያንዳንዱ ወደየክፍሉ፣ ወደየስልኩ ይበተናል። ገንዳው የሚነድበት ቅዳሜ ግን አንዱ እንጨት ያመጣል፣ አንዱ ያማስላል፣ ትንሹ ቴርሞሜትሩን እያነበበ ይጮኻል። ከገባን በኋላ ስልክ የለም። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሲሆን እንፋሎቱ ፀጉር ላይ ይረጋና ቅንድባችን ሁሉ ይነጣል፣ ከአንገት በታች ግን ሞቀን ተቀምጠናል። ትልቋ ልጃችን በአማርኛ ረጅም ወሬ የምታወራኝ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። ሞተር የለም፣ አረፋ የሚነፋ ማሽን የለም፤ የሚሰማው የእንጨቱ መንጣጣት ብቻ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ በመጣች ጊዜ የግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ አላስገባናትም። ካፖርቷንና ነጠላዋን ደርባ ዳሩ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ብቻ ውሃው ውስጥ አስገባች። እኔ እንጨት ስጨምር ስታየኝ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ፍልውሃ እኮ ማገዶ አይፈልግም፤ እግዜር ራሱ አሙቆ ነው የሚሰጠው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ያንን ፍልውሃ ወድደው ነው። ቢሆንም እግሯን አላወጣችም። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፣ ያን ማታ ደረጃውን ሳትደገፍ ወጣች። ሙቅ ውሃ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለጊዜው ያላላል፤ መድኃኒት ነው አልልም፣ እፎይታው ግን ዓይኔ ያየው ነው።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ተከራዩ። በመኪና በሚጎተት ጋሪ ላይ የተገጠመ ገንዳ ለቅዳሜና እሑድ የሚያከራዩ በየከተማው አሉ። ግን በሰኔ አትከራዩ፤ በሰኔ ማንኛውም ገንዳ ደስ ይላል። በጥር ወይም በየካቲት ተከራዩ፣ ራሳችሁ ሙሉት፣ ራሳችሁ አንድዱት። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ከተኙ በኋላም ራሳችሁ ወጥታችሁ አፍስሱት፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ እሹት። አከራዩ «ማፍሰሱን ለእኔ ተዉት» ቢላችሁ እንቢ በሉ።